ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፤ የንጉሥ ታሪክ ጸሐፊ

በአገራችን የንጉሥን ታሪክ መጻፍ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥት ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ለዚሁ የተመደበው ጸሐፊ ከዙፋኑ ሳይርቅ ዘመቻውንና ሹመቱን፣ ግብሩንና በዓሉን ይመዘግባል፤ የተጻፈውም ታሪክ ከቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ወይም ከገዳም ዕቃ ቤት ወጥቶ ለብዙ አንባቢ የሚደርስበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም። በ1901 ዓ.ም. ሮማ ላይ ታትሞ የወጣው «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የተባለው መጽሐፍ ግን ከዚህ ልማድ የተለየ ነበር። ጸሐፊው የቤተ መንግሥት ሹም አልነበሩም፤ ከአገራቸው ርቀው በባዕድ ከተማ የሚኖሩ መምህር ነበሩ። መጽሐፉ በአማርኛ ተጽፎ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው። ታሪካቸው የተጻፈላቸው ንጉሠ ነገሥትም ገና በሕይወት ነበሩ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን፣ የአድዋን ድል አድራጊ ታሪክ የጻፉት ሰው በዚያው ጦርነት ጊዜ ወደ ጠላት ወገን ያለፉ መሆናቸው ነው።

ያ ሰው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። አንባቢ በይበልጥ የሚያውቃቸው የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በመድረሳቸው ነው። ሆኖም የምኒልክ ታሪካቸው ያስነሣው ክርክር፣ የራሳቸውም ሕይወት ከዚያ መጽሐፍ ጋር ያለው ግንኙነት፣ ስለ ሌላ ሰው ሥራ ለመመስከር ብዕር የሚያነሣ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከዘጌ እስከ ቱሪን

አፈወርቅ የተወለዱት በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ በምትገኘው በዘጌ ነው። ዘጌ በቡናዋ፣ በደን በተከበቡት አብያተ ክርስቲያናቷና በመቅደሶቻቸው ግድግዳ ላይ በተሣሉት ሥዕሎች የታወቀች ስፍራ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያሳለፉት በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ስለ ነበር፣ ሕፃኑ የተወለደው ንጉሡ ካለፉ ከሦስት ወር በኋላ ነበር ማለት ነው። የቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ለጣና አካባቢ ሕዝብ የመከራ ዓመታት ነበሩ፤ ጎንደር ተዘርፋለች፤ ተቃጥላለችም። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ላይ ተቆጥተው ሲዘምቱ፣ ሠራዊታቸው በጎጃም ባላገር ላይ ከባድ ጥፋት አድርሷል። አፈወርቅ ስለ ሁለቱ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ ብዕራቸው ለምን እንደ መረረ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ይህን ማስታወስ ይኖርበታል። እሳቸው የእነዚያ ዘመቻዎች መከራ የደረሰበት አገር ልጅ ናቸው።

በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ የሥዕል ዝንባሌም ነበራቸው። በወጣትነታቸው ወደ ሸዋ መጥተው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ተጠጉ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ሲሆኑ፣ የውጭ አገር ጥበብ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይፈልጉ ስለ ነበር ወጣቱ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢጣሊያ ተላኩ። እዚያም በቱሪን ከተማ በሚገኘው በአልቤርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማሩ። ለትምህርት ወደ አውሮፓ ከተላኩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መካከልም አንዱ ሆኑ። ከዚያ ተመልሰው በሠዓሊነት አገለገሉ፤ ነገር ግን ከቤተ መንግሥቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነት እንደ ሰመረ አልቆየም። በተለይ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አለመስማማታቸው በብዙዎች ይነገራል።

የአድዋ ዘመን

ከአድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አፈወርቅ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ። ይዘዋቸው የሄዱት፣ ምኒልክን ለረጅም ዘመን ያገለገሉትና በ1886 ዓ.ም. የጅቡቲ አዲስ አበባን የምድር ባቡር ለመሥራት ፈቃድ ያገኙት ሥዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበሩ። ከአፈወርቅም ጋር የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣ ዳርጌ ለትምህርት ወደ ሥዊስ አገር አብረው ሄደዋል። የጉዞው ዓላማ መልካም ነበር፤ አገሪቱ ለምታስባቸው አዳዲስ ሥራዎች የተማሩ ልጆች ያስፈልጓት ነበርና።

ይሁን እንጂ የኢጣሊያና የኢትዮጵያ ጠብ ወደ ጦርነት ባመራ ጊዜ፣ አፈወርቅና ጉግሣ ትምህርት ቤታቸውን ትተው ወደ ኢጣሊያ ገቡ። ራስ ዳርጌ የምኒልክ አጎትና የመንግሥቱ ታላቅ አማካሪ ስለ ነበሩ፣ የልጃቸው ከድቶ መሄድ ለእሳቸው ከባድ ሐዘን፣ ለጠላት ደግሞ ታላቅ ወሬ ሆነ። ለአፈወርቅ መኮብለል ልዩ ልዩ ምክንያት ይሰጣል፤ የቤተ መንግሥት ቅያሜ፣ የኢጣሊያኖች ማባበል፣ የወጣትነት ችኮላም ይጠቀሳሉ። ምክንያቱ ማናቸውም ይሁን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት አድዋ ላይ ድል ሲያደርግ አፈወርቅ ከድሉ ማዶ ቆመው ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ድረስ የዚህ ነገር ጥላ ከላያቸው አልተገፈፈም።

የናፖሊ መምህር

ቀጥሎ የመጣው ዘመን በሕይወታቸው ውስጥ ለሥነ ጽሑፍ እጅግ ፍሬያማው ነው። በናፖሊ በነበረው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ከፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ጋር ሆነው አማርኛ ያስተምሩ ጀመር። ኢጣሊያዊት ሴት አግብተው ቤተሰብ መሠረቱ። ከአገራቸው መራቃቸው ቋንቋቸውን አላስረሳቸውም፤ እንዲያውም ቃላቱን አንድ በአንድ አንሥተው እንዲመረምሩ ምክንያት ሆናቸው። በ1897 ዓ.ም. የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ በኢጣሊያንኛ አሳተሙ፤ በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አማርኛ ግሥ ሰፊ ጥናት አወጡ። በእነዚህ ሁለት ሥራዎች መካከል በ1900 ዓ.ም. «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው ሮማ ላይ ታተመ። በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ይኸው ድርሰት ነው። ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ሁሉ የምንጠቀምበት «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜም የመጣው ከዚያ መጽሐፍ ርእስ ነው።

በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ለሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የመንገደኛ መምሪያ አሳተሙ። መጽሐፉ በጥያቄና መልስ መልክ የቀረበ የንግግር ማስተማሪያ ይምሰል እንጂ፣ በውስጡ የሚገኘው ስለ አገሪቱ አስተዳደር የተሰነዘረ ብርቱ ትችት ነው። ወታደር በባላገር ቤት ተመርቶ የሚያደርሰው ግፍ፣ የሹማምንቱ ስስት፣ የሥራ መናቅ በዚያ መጽሐፍ ያለ ርኅራኄ ተገልጸዋል። ብዙው ትችት እውነትነት ነበረው። ነገር ግን መድኃኒቱ ከውጭ ኃይል እጅ የሚገኝ አስመስሎ የሚያሳይ መንፈስ አልፎ አልፎ ይታይበታል፤ ይህም የኋላውን የሚያመለክት ነበር።

የምኒልክ ታሪክ

ከአንድ ዓመት በኋላ የወጣው የምኒልክ ታሪክ በመንፈሱ ከመንገደኛው መምሪያ እጅግ የራቀ ነው። ያኛው ለባዕድ አንባቢ የተጻፈ ሲሆን ይህኛው ለኢትዮጵያውያን፣ ምናልባትም በይበልጥ ለአንድ ኢትዮጵያዊ፣ ለምኒልክ ለራሳቸው የተጻፈ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ በሕመም ላይ ነበሩ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው የመንግሥቱን ሥራ አዲስ መልክ ለማስያዝ ጀምረው ነበር። በክህደት ስማቸው የጎደፈ ስደተኛ በዚያ ጊዜ ይህን የመሰለ የምስጋና መጽሐፍ ማቅረቡ፣ ከጌታው ጋር ለመታረቅ ያሰበ መሆኑን ብዙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

ታሪኩ የምኒልክን ልጅነት፣ በመቅደላ የታሰሩበትንና ያመለጡበትን ዘመን፣ የሸዋ ንግሥናቸውን፣ የውጫሌን ውል፣ የአድዋን ዘመቻ፣ በመጨረሻም በአገሪቱ ያስገቡትን አዲስ ሥራ በተራ ያወርዳል። ጸሐፊው ለዚህ ሁሉ ያመጡት አማርኛ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው ነው። ቃላቸው ሀብታም፣ ዐረፍተ ነገራቸው ምት ያለው፣ ምሳሌያቸውም ከባላገሩ ኑሮ የተቀዳ ነው። ሰው ሲያመሰግኑ እንደ ቅኔ ዘራፊ ከፍ ያደርጋሉ፤ ሲነቅፉም እንደ ቀልደኛ በአንዲት ቃል ይወጋሉ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ታሪክን በአማርኛ የጻፉ አልጠፉም ነበር፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ደብተራ ዘነብ ጽፈዋል። የአፈወርቅ መጽሐፍ ግን የንጉሥን ሕይወት አንድ ደራሲ በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ ፍርድና በራሱ ቋንቋ ሲተርክ የምናይበት አዲስ ሥራ ነው።

የመጽሐፉ ጉድለት የሚገኘውም ከዚሁ ከፍርዱ ላይ ነው። ምኒልክ ብርሃን እንዲሆኑ ከእሳቸው በፊት የነበረው ሁሉ ጨለማ መሆን ነበረበት። ዐፄ ቴዎድሮስ በአፈወርቅ ብዕር አጥፊ ጨካኝ ብቻ ሆኑ፤ የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ የደከሙት ድካም ዋጋ አላገኘም። ዐፄ ዮሐንስም በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል የነሡ፣ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁ ንጉሥ ሳሉ፣ በመጽሐፉ የተመደበላቸው ቦታ ይህን አገልግሎት የሚመጥን አልሆነም። ጸሐፊው ያወሩት ክፋት ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ የጎንደር መቃጠልና የጎጃም መጥፋት የታወቀ እውነት ነው። ስሕተቱ በአንደኛው ሚዛን ላይ ክፉውን ብቻ፣ በሌላው ላይ ደግሙን ብቻ ማኖራቸው ነው።

የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ፍርድ

መጽሐፉ ከወጣ ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ አስመራ ላይ በታተመ ጽሑፍ መልስ ሰጠ። ይህ ሰው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሲሆኑ፣ በ1878 ዓ.ም. በአድዋ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በመርከብ ወደ አውሮፓ ሄደው በጀርመን አገር የተማሩ ነበሩ። «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ከሁሉ አስቀድመው ያነሡት የታሪክ ጸሐፊ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ነው። እንደ እሳቸው አስተያየት ጸሐፊው ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ያለፈውን ነገር አጥርቶ የሚመለከት ልቡና፣ ለማንም የማያዳላ ፍርድ፣ የተመለከተውንና የፈረደውን በትክክል የሚገልጽ ንጹሕ ቋንቋ።

በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ የአፈወርቅ ብርታት በሦስተኛው፣ ድካማቸው በሁለተኛው ላይ ይታያል። ገብረ ሕይወት በተለይ የተቃወሙት በዐፄ ዮሐንስ ላይ የተሰጠውን ፍርድ ነው። የምኒልክ ክብር በራሱ ሥራ የሚቆም ስለ ሆነ፣ ቀድሞ የነበረውን ንጉሥ በማዋረድ ሊደገፍ አያስፈልገውም የሚል ነበር አሳባቸው። እሳቸውም የአድዋ ልጅ ስለ ሆኑ፣ አባታቸውም በዐፄ ዮሐንስ አገልግሎት ሳሉ መተማ ላይ እንደ ሞቱ ስለሚነገር፣ ለዮሐንስ ያደላሉ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጽሑፋቸው የወገን መከላከያ ሆኖ አልቀረም። የምኒልክን ደግ ሥራ መስክረዋል፤ የመንግሥቱን ጉድለትም አልሸሸጉም። ከዚያም አልፈው ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ ስለ ግብር፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጉምሩክና ስለ ትምህርት መሻሻል ምክር አቅርበዋል። ስለዚህ በሁለቱ ጸሐፊዎች መካከል የነበረው ልዩነት የአገር ወይም የወገን ልዩነት ብቻ አልነበረም። አንዱ ታሪክን ለምስጋና ማቅረቢያ ሲያውለው፣ ሁለተኛው ለመንግሥት ሥራ ማረሚያ አዋለው።

ዕድል ሁለቱን በአንድ ወንበር አስቀመጠቻቸው። ገብረ ሕይወት የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ከሠሩ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ሞቱ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የድሬዳዋ ነጋድራስነት ለአፈወርቅ ተሰጠ።

በመንግሥት ሥራ

አፈወርቅ ከናፖሊ ወጥተው በኤርትራ ጥቂት ዓመታት በንግድ ከቆዩ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የውጭ ቋንቋና የውጭ አሠራር የሚያውቁ ሰዎችን ያሰባስቡ ስለ ነበር፣ ያለፈው ነገር ብዙ ሳይቆጠርባቸው ሥራ ተሰጣቸው። ድሬዳዋ በዚያ ዘመን በምድር ባቡሩ ምክንያት ያደገች፣ የአገሪቱ የውጭ ንግድ የሚተላለፍባት ከተማ ነበረች፤ ነጋድራስነቱም ከጉምሩክ ሹመት አልፎ ከግሪክ፣ ከአርመን፣ ከሕንድና ከፈረንሳይ ነጋዴዎች ጋር በየቀኑ የሚያገናኝ ኃላፊነት ነበር። ቀጥሎም በአዲስ አበባ በውጭ አገር ሰዎችና በኢትዮጵያውያን መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚመለከተው የልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። የውጭ ዜጎች ለኢትዮጵያ ሕግ ሙሉ በሙሉ በማይገዙበት በዚያ ጊዜ ይህ ወንበር የአገርን ክብር የሚነካ ወንበር ነበር።

ወረራው በቀረበበት ጊዜ ደግሞ በሮማ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተቀመጡ። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት በተነሣ ጊዜ ከሙሶሊኒ መንግሥት ጋር የሚደረገው ንግግር በከፊል በእጃቸው ያልፍ ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት ወደ ኢጣሊያ የኮበለሉት ሰው፣ አሁን ኢጣሊያ ለዳግመኛ ወረራ ስትዘጋጅ ኢትዮጵያን ወክለው በዚያው አገር ቆሙ። የመጀመሪያውን ስሕተት ለመካስ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም ነበር።

አፈ ቄሣር

አጋጣሚው ግን አልተሠራበትም። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ፣ ስልሳ ሰባት ዓመት የሆናቸው አፈወርቅ ከወራሪው መንግሥት ጋር ቆሙ። በወረራው ዘመን በአማርኛ ይታተም በነበረው «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» በተባለው ጋዜጣ የኢጣሊያን አገዛዝ የሚያመሰግን፣ በየዱሩ የሚዋጉትን አርበኞች የሚነቅፍ ጽሑፍ ጻፉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ በየቤቱና በየመንገዱ ያለቀው በዚሁ አገዛዝ እጅ ነው። ጣልያኖችም ውለታቸውን ቆጥረው፣ በቀድሞው የአፈ ንጉሥ ማዕርግ አምሳያ፣ አፈ ቄሣር የሚል ሹመት ሰጧቸው። ወላጆቻቸው በታላቁ መምህር በዮሐንስ አፈ ወርቅ ስም የጠሯቸው ሰው የቄሣር አፍ ለመባል በቁ።

የምኒልክን ታሪክ ያነበበ ሰው በጋዜጣው ላይ የሚያገኘው ብዕር እንግዳ አይሆንበትም። ዘዴው አንድ ነው፤ ባለ ጊዜውን ብርሃን ለማድረግ ያለፈውን ጨለማ ማድረግ። በ1901 ዓ.ም. ጨለማ የሆኑት ቴዎድሮስና ዮሐንስ ነበሩ፤ በወረራው ዘመን ጨለማ የሆነው ነጻው የኢትዮጵያ መንግሥት በሙሉ ነው። ገብረ ሕይወት የጠቆሙት ጉድለት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ መስሎ ነበር፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን የአገር ጉዳይ ሆነ።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ አፈወርቅ ተያዙ። ወደ ጅማ በግዞት ተልከው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በመስከረም ወር 1940 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው እዚያው ሞቱ። በሠዓሊነት የጀመረው ዕድሜ በዕውርነት ተፈጸመ።

የቀረው ሥራ

እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እንመዝነው? ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም አይበጁም። አንደኛው ስለ ክህደታቸው ሲባል ሥራቸውን ሁሉ መጣል ነው። ይህ ከሆነ የአማርኛ ልብ ወለድ መነሻ፣ የሰዋስው ጥናት መሠረትና ከሁሉም የበለጠው ያ የጠራ አማርኛ አብረው ይጣላሉ። ሁለተኛው ስለ ቋንቋቸው ውበት ሲባል የሠሩትን ሁሉ መሸፈን ነው፤ ይህም በወረራው የወደቁትን መበደል ይሆናል። ሁለቱም መንገዶች እሳቸው በቴዎድሮስና በዮሐንስ ላይ ያደረጉትን በእሳቸው ላይ መድገም ናቸው።

የኋላ ሰዎች የተሻለውን መንገድ መርጠዋል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ አለን ሩዎ የአፈወርቅን ሕይወት መርምረው በ1983 ዓ.ም. ገደማ ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም ስለ መጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ምሁራን በጻፉት መጽሐፍ ከገብረ ሕይወት ጎን አቁመው አሳይተዋቸዋል። የሌላውን ሕይወት የጻፉት ሰው በተራቸው ባለታሪክ ሆነው፣ የነፈጉትን ፍትሕ ራሳቸው አግኝተዋል ማለት ይቻላል።

የምኒልክ ታሪካቸውም ብቻውን እንዲነበብ አያስፈልግም። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የምኒልክ ዜና መዋዕል በ1959 ዓ.ም. በአማርኛ ታትሟል፤ የገብረ ሕይወትም ጽሑፍ ይገኛል። ሦስቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ የሚያነብ ሰው አንዱ የዘለለውን በሌላው ያገኛል። ከቤተ መንግሥት ጸሐፊው የነገሩን ቅደም ተከተል፣ ከአፈወርቅ ቋንቋውን፣ ከገብረ ሕይወት ፍርዱን ይወስዳል።

ስለ ሌላ ሰው ሥራ መመስከር የታሪክ ጸሐፊ ዕጣ ብቻ አይደለም። ድልድይ መርምሮ ዘገባ የሚጽፍ፣ ሒሳብ አጣርቶ የሚፈርም፣ የባልደረባውን ሥራ አይቶ አስተያየት የሚሰጥ ሁሉ በዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ግንበኛ ቱምቢውን ሲጥል፣ ቱምቢው የሕንፃው ባለቤት ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ ግድግዳው ካዘነበለ ያዘነበለ መሆኑን ያሳያል። አፈወርቅ ከሁሉ የበለጠ መሣሪያ ነበራቸው፤ አማርኛን እንደ እሳቸው የሠራበት ጥቂት ሰው ነው። የጎደላቸው ያ ቱምቢ ነበር፤ ጉድለቱም በመጽሐፋቸው ገጾች ተወስኖ ሳይቀር ዕድሜያቸውን ሁሉ ተከትሏቸው እስከ ጅማ ደረሰ።